በዓሉን ላስቀድም ወይስ ልጆቹን?

ኮምቦልቻ ተቀምጬ ከተማውንና በባቲ መንገድ ያሉ የገጠር አጥቢያዎችን የማገለግል ሰባኬ ወንጌል ነኝ። የራሴ መኪና የለኝም። ሰኞ የባቲ ገበያ ስለሆነ ትራንስፖርት አይጠፋም፤ በሌላው ቀን ግን መንገድ ዳር ቆሞ መጠበቅ ነው።

መጀመሪያ የሳምንት ፕሮግራም አወጣሁ፦ ማክሰኞ ገጠር፣ ሐሙስ የታመመ መጠየቅ፣ እሁድ ሰንበት ትምህርት ቤት። አልሠራም። ወርኃዊ በዓላት ሳምንት አያውቁም። 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለም በፈለጉት ቀን ይውላሉ፤ ሁሉም አጥቢያ ደግሞ በቀኑ ሰባኪ ይፈልጋል። በወሩ ቀን ሳደርገው ደግሞ የሰንበት ተማሪዎቹ ተበተኑብኝ። ለቅሶውም አለ። ወሎ ላይ የሙስሊም ጎረቤት ለቅሶ መቅረት አይታሰብም፣ እኔም መቅረት አልፈልግም።

የደብራችን አስተዳዳሪ «በዓሉን አስቀድም፣ ሕዝቡ የሚገኘው ያኔ ነው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ግን በበዓል ቀን ሰው ሰምቶኝ ይሄዳል፤ ልጆቹ ናቸው ቁጭ ብለው የሚጠይቁኝ። ተተኪ መምህር ፈልጌም አላገኘሁም።

ከተማና ገጠር ደርባችሁ የምታገለግሉ፣ የገጠሩ በዓልና የልጆቹ ትምህርት አንድ እሁድ ላይ ሲገጥሙባችሁ በምን መዝናችሁ ነው የምትወስኑት?