የአሮጌው ካምፕ መጋዘን፦ የጋራ ዕቅድ ውይይት፣ አዳማ

ጸሐፊ፦ የዕቅዱ ረቂቅ እስከ ዓርብ ካልገባ ገንዘቡ ለሌላ ማኅበር እንደሚሰጥ ተነግሮናል። ሐሳቡ ያው ነው፤ በካምፑ ባዶ መጋዘን ውስጥ ስድስት ድምፅ ማጉያዎች ተሰቅለው፣ በዚያ ግቢ ያለፉ ወታደሮችና ስንቅ ይዘው በር ላይ የቆሙ እናቶች ቃል ይሰማል። የጎደለ ካለ ጻፉ።

የድምፅ ባለሙያ፦ ዋናው ሀብታችን የመጋዘኑ ማስተጋባት መሆኑ በረቂቁ አልተጻፈም። በአሜሪካ ፎርት ዎርደን በሚባለው የቀድሞ የጦር ሰፈር ያለ ባዶ የውኃ ማጠራቀሚያ አንድን ድምፅ እስከ 45 ሰከንድ ስለሚያቆየው ሙዚቀኞች እዚያ ወርደው ቀርጸዋል። በስኮትላንድ፣ ኢንቺንዳውን በተባለው የባሕር ኃይል የነዳጅ ማከማቻ ደግሞ በ125 ኸርዝ፣ ማለትም በወፍራም ድምፅ፣ 112 ሰከንድ ተለክቷል። የእኛ ቆርቆሮ ቤት ወደዚያ አይጠጋም፤ ቢሆንም ሳይለካ ማጉያ አይሰቀልም። በኢንቺንዳውን የለኩት እርሳስ የሌለው ጥይት ተኩሰው ነበር፤ እኛ በዚያ ግቢ ተኩስ ማሰማት አይገባንም፣ ፊኛ ማፈንዳት ይበቃናል።

መምህር፦ በርዕሱ ላይ «ድምጽ» በጸሎቱ ጸ ተጽፏል። ቃሉ ከግእዙ «ደምፀ» የመጣ በመሆኑ በፀሐዩ ፀ መታረም አለበት።

ገንዘብ ያዥ፦ ባነሩ እንደዚያው ታትሟል። ዳግመኛ ማሳተሚያውን መምህሩ ከኪሳቸው ይክፈሉ፤ የአምናውን ወጪ ሁላችንም እናስታውሳለን።

መምህር፦ የአምናውን ደረሰኝ አስረክቤአለሁ። ያልታረመ ባነር ያሳተመ ሰው ስለ ወጪ ሊያስተምረኝ አይችልም።

ወጣት አባል፦ ሁለቱም የሚነበቡት አንድ ዓይነት ነው። ስለሚሰማ ነገር እየተነጋገርን በማይሰማ ልዩነት መጣላታችን ይገርመኛል።

መምህር፦ እንዲህማ ከሆነ ፀሐይ «ሠረቀች» የሚለው በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ፀሐይ ሌባ ትሆናለች። ያልተማረ ሁሉ ፊደል አዋቂ ሆነ።

ወጣት አባል፦ «ያልተማረ» የሚለው እስኪነሣ ድረስ ማጉያ ተሸክሜ አልመጣም።

ሰብሳቢ፦ ከትናንት ማታ ጀምሮ ስለ አንዲት ፊደል ብቻ ስንጽፍ አድረናል። ቃሉን ጨርሰን አውጥተን «የትዝታ መድረክ» እንበለው።

መምህር፦ እስማማለሁ። ወጣቱን የተናገርሁት ከልክ ያለፈ ነበር፤ ፊደሉን በተመለከተ ግን ቃሌን አላጥፍም።

ገንዘብ ያዥ፦ መድረክ ከተባለ መድረክ ይኑረው። አንድ ኪቦርድ ተጫዋች፣ 150 ወንበርና ምንጣፍ ይጨመር፤ ገንዘቡን የሚሰጠው ቢሮም በዓይን የሚታይ ነገር ይወዳል። ወጪውን ለማቻቻል ማጉያዎቹን ወደ ሁለት ማውረድ እንችላለን። የባነሩን ቃል በተለጣፊ እንሸፍነዋለን።

የድምፅ ባለሙያ፦ ምንጣፍም የሰው ብዛትም ድምፅ ይውጣሉ። በዚህ አኳኋን መጋዘኑ እንደ ማንኛውም አዳራሽ ይሆናል፤ እንዲህ ከሆነማ ካምፑ ድረስ መሄድ ለምን አስፈለገ?

ሰብሳቢ፦ ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ቀኑ ስለደረሰ በአባሪ ይካተት።

ጸሐፊ፦ አባሪውን እጽፋለሁ፤ የሚያያዝበት የተቀረጸ ድምፅ ግን የለም። ለመቅረጽ የተመዘገቡት ሦስት አባላት ከሰኞ ወዲህ ስልክ አያነሡም፣ መቅረጫውም በአንዳቸው እጅ ነው። ቀጠሮ የያዝንላቸው ሁለት እናቶች ትናንት በካምፑ በር ላይ እስከ ቀትር ቆመው ተመልሰዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ ወንበር በቅናሽ የሚያከራይ ሰው አግኝቻለሁ፤ ቀብድ እስከ ነገ ይፈልጋል።