ንግሥቴን አፉ ላይ ትቼለት እጅ ሰጠ፤ ምን ነክቶት ነው?

ፎቶኮፒ ቤት፦

ሰላም ወገን። ከባሕር ዳር ነኝ። የዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ በር አጠገብ ፎቶኮፒ ቤት አለችኝ። ትናንት ከሰዓት መብራት ሄደ። ማሽኑ ቆመ፣ ተማሪዎቹም ፍላሻቸውን እየነቀሉ ወጡ። እኔም ምን ላድርግ፣ ስልኬን ከፈትኩና ሊቸስ በሚባለው የቼዝ መጫወቻ ላይ የ10 ደቂቃ ጨዋታ ጀመርኩ። የኔ የችሎታ ነጥብ 1310 ነው። የደረሰኝ ሰውዬ 1480።

ነጭ ነበርኩ። እንዲህ ሄደልን (ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ነው)፦ ወታደር ኢ4፣ እሱም ኢ5። ፈረሴን ኤፍ3፣ እሱ ወታደር ዲ6። ቢሾፔን ሲ4፣ እሱም ቢሾፑን ጂ4 ላይ አምጥቶ ፈረሴ ላይ አፈጠጠ። ሌላውን ፈረስ ሲ3 አወጣሁ። እሱ ወታደር ጂ6 ገፋ።

እዚህ ላይ አንዲት ተማሪ ብቅ ብላ "መብራቱ መቼ ይመጣል?" አለችኝ። "እንጃልኝ እህቴ" እያልኳት ዓይኔ ኢ5 ላይ ያለችውን ወታደር አየ። ነጻ መሰለችኝ። በፈረሴ በላኋት። ጣቴን ከስክሪኑ ሳነሳ ነው የገባኝ። ያ ፈረስ ንግሥቴን ከልሎ ነበር የቆመው! አሁን የሰውዬው ቢሾፕና ንግሥቴ ፊት ለፊት ተፋጠዋል። ክው አልኩ።

እሱ ግን አልበላም። ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ። 20 ሰከንድ። 40። አንድ ደቂቃ አለፈ። "እየሳቀብኝ ነው" ብዬ ስጠብቅ፣ ጥቁር እጅ ሰጠ፣ ነጭ አሸነፈ አለኝ። 8 ነጥብም ጨመረልኝ።

ድሉ ግን አልጣመኝም። እኔ ያደግኩት በዳማ ነው። አሁንም ከሕንጻችን ጥበቃ ጋር፣ አያ ነው የምንላቸው፣ ደጃፍ ላይ በቆርኪ እንጫወታለን። የእሳቸው የቢራ፣ የኔ የለስላሳ። አንዲት ቆርኪ ብቻ ስትቀራቸው እንኳ አይለቁም። "ይቺንም ብያት እንጂ" ይሉኛል። ይሄ ሰውዬ ከ16ቱ አንዲት ወታደር ብቻ ጎድላበት፣ ያውም ንግሥቴ አፉ ላይ ሆና፣ ለምን ለቀቀ? ኔትወርክ ነው? ወይስ ንቆኝ?

ፖሊ 3ኛ ዓመት፦

ወንድሜ አትጨነቅ፣ ኔትወርክ ነው። 8 ነጥብህን ይዘህ ዝም በል።

ዓሣ በዳጣ፦

ኔትወርክ አይደለም። ኔት ቢጠፋበት ኖሮ ተጋጣሚህ ወጥቷል ይልና ትንሽ ቆይቶ ድሉን ትወስዳለህ ወይ ብሎ ይጠይቅሃል። እጅ ሰጠ የሚለው ከቦርዱ በታች ያለችውን የእጅ መስጫ ባንዲራ ራሱ ሲነካት ብቻ ነው። ሰውዬው አውቆ ነው የነካት።

ለምን እንደነካት ደግሞ ቦርድ አውጣና ተከተለኝ። ንግሥትህን ቢበላ ኖሮ፣ አንተ በቢሾፕህ ኤፍ7 ላይ ያለችውን ወታደር በልተህ ቼክ ትለዋለህ። ንጉሡ ቢሾፑን እንዳይበላው ኢ5 ላይ ያለው ፈረስህ ይጠብቀዋል። መሄጃው አንዲት ናት፣ ኢ7። ከዚያ ያ ሲ3 ያወጣኸው ፈረስ ተነስቶ ዲ5 ላይ ቁጭ። ቼክሜት! ንግሥትህ ሞታ ነው እንግዲህ።

በወታደሩ ፈረስህን ቢበላስ? ያኔ ንግሥትህ መንገዷ ተከፍቷል፤ ጂ4 ላይ ያለውን ቢሾፕ ታነሳዋለች። ፈረስ በቢሾፕ ተለዋወጣችሁ፣ አንዲት ወታደር ትርፍ ያንተ።

ይሄ ነገር ስም አለው፣ የሌጋል ማት ይባላል። ሌጋል በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ የነበረ ፈረንሳዊ ነው፣ የታዋቂው የፊሊዶር አስተማሪ። አንተ ሳታውቀው ነው የሠራኸው። ልብ በል ግን፣ የሚሠራው ሁለቱም የጥቁር ፈረሶች ገና ከጋጣቸው ስላልወጡ ነው። አንዱ ሲ6 ወይም ኤፍ6 ላይ ቢኖር ጉድህ ይፈላ ነበር።

ፎቶኮፒ ቤት፦

እህትህ ነኝ። ግን ይሁን፣ ደህና አድርገህ አስረዳኸኝ።

ቦርድ የለኝም። ኤ4 ወረቀት ላይ 64 ቤት አሰመርኩና በቆርኪ ደረደርኩት። ለፈረሶቹ ላጲስ ቆራርጬ፣ ለጥቁሩ ንጉሥ የስቴፕለር ሽቦ ሳጥን አቆምኩ። አያም መጥተው ቆመው አዩ። ቼዝ አይችሉም። የመጨረሻውን ፈረስ ዲ5 ላይ ሳስቀምጥ ሳጥኑን ትክ ብለው አዩትና "በየት ይውጣ ታዲያ? ዙሪያውን የከበቡት እኮ የራሱ ሰዎች ናቸው" አሉ። ሳየው እውነታቸውን ነው። በጎኑ ንግሥቱ፣ በዚያ በኩል ቢሾፑ፣ ከፊቱ ወታደሩ።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሰውዬው ወጥመዱን ካየው፣ ንግሥቴን አለመብላት ነው። የሚጎድለው አንዲት ወታደር ናት። በአንዲት ወታደር እጅ ይሰጣል እንዴ?

ፖሊ 3ኛ ዓመት፦

ይቅርታ እህቴ። ነጥባቸውን አውቀው የሚያወርዱም አሉ፣ ደካማ ሰው እንዲደርሳቸው። ፕሮፋይሉን እዪው። በአምስት በስድስት እንቅስቃሴ የለቀቃቸው ጨዋታዎች ከበዙ ያ ነው።

ፎቶኮፒ ቤት፦

አየሁት። የኔዋ ብቻ ናት እንዲህ ያጠረችው። ሌሎቹን እስከ 40 እና 50 ድረስ ይታገላል።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ፣ እኔ ራሴ ቶሎ እጅ ከሚሰጡት ነኝ። ስለዚህ ስለሰውዬው ልመስክርለት።

ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ቡና ይዤ እቀመጣለሁ። ከዘጌ እንጨት የጫኑ ታንኳዎች ሲገቡ እያየሁ ሁለት ሦስት ጨዋታ እጫወታለሁ። መሸነፉ ብዙም አይከነክነኝ። የሚያበሽቀኝ እንደ ሕፃን መታለሌ ነው። አንዴ ከተሸወድኩ ቀሪውን ጨዋታ የምጫወተው ያችኑ እያብሰለሰልኩ ነው። ቡናው ይቀዘቅዛል፣ ሰዓቴም ያልቃል፣ በመጨረሻ መሸነፌ አይቀርም። ስለዚህ ባንዲራዋን ነክቼ ሌላ እጀምራለሁ። በዳማ ላደገ ሰው ይሄ ነውር ሊመስል ይችላል። አንድ የሥራ ባልደረባዬም ለዓመታት "ፈሪ" ሲለኝ ኖሯል፣ ልማዴን ግን አልተውኩም።

ሰውዬሽ ንቆሽ ቢሆን አንድ ደቂቃ ሙሉ አያስብም ነበር። ፈረስሽ ሲነሳ ደስ ብሎት ንግሥትሽን ሊበላ ጣቱን ሰዷል፣ ከዚያ "ቆይ፣ ለምን ሰጠችኝ?" አለ። ሲቆጥር ኤፍ7ን አገኘ፣ ከዚያ ዲ5ን። እና ሁሉን አስበሽ ያደረግሽው መሰለው። እጅ የሰጠው በሐሳቡ ለሳላት ላንዲት ጎበዝ ነው። መብራት ጠፍቶባት የተቀመጠች፣ በአንድ ዓይኗ ተማሪ የምታስተናግድ መሆንሽን ምን አውቆ!

በዚህ ደግሞ ብቻውን አይደለም። የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ካስፓሮቭ እ.ኤ.አ. በ1997 ኒውዮርክ ላይ ዲፕ ብሉ ከተባለው ኮምፒውተር ጋር ሲገጥም፣ በሁለተኛው ጨዋታ እጅ ሰጠ። በኋላ ሲመረመር ለካ በተደጋጋሚ ቼክ አቻ መውጣት ይችል ነበር። ካስፓሮቭ እንዲህ ከሆነ የ1480 ሰው ምን ይፈረድበታል?

አንድ ነገር ግን ያስቀኛል። በኛ በጥንቱ ሰንጠረዥ፣ በአገራችን ቼዝ ማለቴ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል የለም። ሁለቱም እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ፣ ወረራ ይባላል። ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው አንዱ የሌላውን ሲበላ ነው። ያንቺ ሰውዬ የመጀመሪያዋ ወታደር እንደተበላች ሄደ። አባቶቻችን ቢያዩት ገና ሳይጀምር ወዴት ነው ይሉት ነበር።

ፎቶኮፒ ቤት፦

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። በሐሳቡ ለሳላት ጎበዝ ያሉትን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

እንግዲህ ጉዴን ስሙ። ዛሬ ማታ ሱቁን ልዘጋ ስል ሰውዬውን ድጋሚ ጋበዝኩት። ተቀበለ። አሁንም ነጭ ደረሰኝ። ኢ4፣ ኢ5። ፈረስ፣ ዲ6። ቢሾፕ፣ ቢሾፕ። ፈረስ ሲ3። ልቤ ድው ድው አለ። ሰውዬው ግን ጂ6 አልገፋም። ፈረሱን ኤፍ6 ላይ አወጣ።

እኔ አላየሁትም! ጣቴ መች ታገሰኝና፣ ኢ5ን በላሁ። ንግሥቴን ወዲያው በላ። ሳቅሁ። ኤፍ7፣ ቼክ። ንጉሡ ኢ7። ፈረሴን ዲ5 ላይ ቁጭ አድርጌ ስልኩን ለአያ ላሳይ ዞርኩ። ስመለስ ኤፍ6 ላይ የነበረው ፈረሱ ፈረሴን ላፍ አድርጎታል።

ንግሥት የለኝ። ባንዲራዋ ከቦርዱ በታች ትታየኛለች። አያ በትከሻዬ በኩል አጎንብሰው "ምን ምን ቀረሽ?" አሉኝ። ሁለት ግንብ፣ ሁለት ቢሾፕ፣ አንድ ፈረስ፣ ወታደሮቹም ሁሉ አሉ ብዬ ቆጠርኩላቸው። "ታዲያ ብዙ አለሽ" አሉ።

በ34ኛው እንቅስቃሴ ቼክሜት ሆንኩ። 

ዓሣ በዳጣ፦

ጋጣ ብዬሽ ነበር እኮ።