ፈሳሽ ጋዝ ከውጭ መግዛት እንጀምር ወይስ ሳንለምደው ይቅርብን?

አስተባባሪ፦
ሰላም የአቃቂ፣ የገላን፣ የቱሉ ዲምቱና የኮዬ ፈጬ ሰዎች። የዚህ ሳምንት ክርክራችን ጋዝ ነው። መርከብ የሚያመጣው ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ማለቴ ነው። እስያ ውስጥ ፈላጊው በዝቷል። ፓኪስታን እ.ኤ.አ. ከ2015፣ ባንግላዴሽ ከ2018 ጀምረው ይገዛሉ። ፊሊፒንስና ቬትናም በ2023 የመጀመሪያ መርከባቸውን ተቀብለዋል። ወደ እኛ ጠጋ ስንል ግብፅ አለች፤ ስትሸጥ የነበረችው አገር በ2024 ተመልሳ ገዢ ሆናለች። ዱከም ፋብሪካ የሚሠራ አንድ አባላችን «ሁሉም ሲገዛ እኛ ምን እንጠብቃለን? በጅቡቲ በኩል እናስገባ» ብሏል። እስቲ ተከራከሩበት። የእኔን አቋም ካሁኑ ልናገር፤ አልደግፍም። ተሳዳቢ ግን ከየትኛውም ወገን ቢሆን አስወጣለሁ።

ባለቦይለሩ፦
ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። የምሠራው ጨርቅ ማቅለሚያ ውስጥ ነው። እንፋሎት መሃል ላይ ሲቋረጥ ገንዳ ውስጥ ያለው ጨርቅ ይዥጎረጎራል፤ ማንም አይገዛውም። እንፋሎት የሚያፈላውን ቦይለር በፈርነስ ዘይት (በወፍራሙ ጥቁር ነዳጅ) ስናነድ ጥላሸቱ አለ። በድንጋይ ከሰል ስናነድ ደግሞ ጭሱ ጎረቤት ያሰጣውን ልብስ ያጠቁራል። ጋዝ ግን ቫልቭ ታዞራለህ ይነዳል፤ መልሰህ ታዞራለህ ይጠፋል። «ዶላር ይበላል» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ናፍጣውስ በምንድነው የሚገዛው? በሽሮ?

ጋሽ መምህር፦
ልጆች፣ ክርክሩ ሳይጦፍ ነገሩን እንለየው። እቤታችሁ በሲሊንደር የሚመጣው ፕሮፔንና ቡቴን ነው። መጠነኛ ግፊት ሲያገኝ ፈሳሽ ስለሚሆን በብረት ዕቃ ተሞልቶ በባጃጅ ይሄዳል። አስተባባሪው ያነሳው ሜቴን ነው። ሜቴን ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ሲቀዘቅዝ ነው። ያኔ 600 ሊትር ጋዝ ወደ አንድ ሊትር ገደማ ይወርዳል። በመርከብ መጫን የሚያዋጣውም ለዚህ ነው። መርከቡ ሲደርስ የሚያራግፍ ተርሚናል ያስፈልጋል። ከዚያ አሙቆ ወደ ጋዝ የሚመልስ መሣሪያ፣ ከዚያ ደግሞ ቧንቧ ወይም ልዩ ቦቴ። ጅቡቲ ላይ ለዚህ የተሠራ ተርሚናል የለም። ባለቦይለሩ፣ የምትጠይቀው አንድ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ሙሉ ሰንሰለት ነው።

የኮዬ እንጀራ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ ጋዝ እኔ ቤት አይደርስም ማለት ነው? እኔ እንጀራ ጋግሬ ለሱቆች የማከፋፍል ሰው ነኝ። ምጣዴ 3,500 ዋት ይጎትታል። ሁሉም ሰው ማታ ሲጋግር አንድ ፌዝ ይጠፋል፣ ሊጤ ይጎመዝዛል። ከሰል እንዳልገዛ የጆንያው ዋጋ ያስለቅሳል። ጋዝ መጣ ሲባል ደስ ብሎኝ ነበር።

ጋሽ መምህር፦
አይደርስሽም ልጄ። ሜቴን ጓዳ የሚገባው በቧንቧ ነው። ኮንዶሚኒየሞቻችን ሲሠሩ ቧንቧው አልተዘረጋም። ግድግዳ በስቶ አሁን መዘርጋት ይቻላል፤ ግን ማን ይከፍላል?

የኮዬ እንጀራ፦
እንግዲያውስ ክርክሩ የወንዶች ነው፤ እኔ ሊጤን ላቡካ። ግን እያነበብኩ ነው።

የጅቡቲ መስመር፦
አትሂጂ እህቴ፤ ነገሩ አንቺንም ይነካል። እኔ ከባድ መኪና ነው የምነዳው። አንድ ነገር ላስላ። አንድ የተለመደ ትልቅ የጋዝ መርከብ 170 ሺህ ሜትር ኩብ ያህል ይጭናል። አንድ ቦቴ 50 ሜትር ኩብ ጫነ እንበል። አንዱን መርከብ ለማራገፍ 3,400 ቦቴ ማለት ነው! ሽቅብ እየወጣን፣ ገላፊ ላይ ወረፋ እየጠበቅን፣ አዋሽን አልፈን። ደግሞ ይሄ ጋዝ እንደ ናፍጣ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ታንኩ ምንም ቢሸፈን ሙቀት ቀስ እያለ ይገባል፣ ፈሳሹ ይተናል፣ ግፊቱ ይጨምራል። ወረፋው ሲረዝም በቫልቭ አየር ላይ መልቀቅ ይመጣል። አፋር በረሃ መሃል ላይ ቆመህ የሰው ዶላር እፍ ስትል አስበው።

ባለቦይለሩ፦
በአንድ ጊዜ ሙሉ መርከብ ይራገፍ ማን አለህ? ትንንሽ መርከብም አለ። ባቡሩስ ለምን ተሠራ? ጀርመኖች እንኳ እ.ኤ.አ. በ2022 የሩሲያ ጋዝ ሲቋረጥባቸው ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ ተርሚናል ተከራይተው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ቪልሄልምስሃቨን ላይ ሥራ አስጀመሩ። ሰው ከፈለገ ይሠራል። ጃፓንን ደግሞ እዩ። የራሷ ጋዝ የላትም ማለት ይቻላል፤ ከ1969 ጀምሮ በመርከብ እየገዛች ፋብሪካዋን አቆመች። እኛ ግን ገና ሳንሞክር ምክንያት እንደረድራለን።

ተማሪዋ፦
ጀርመንን በማንሳትህ አመሰግናለሁ፤ የእኔ ክርክር የሚጀምረው እዚያው ላይ ነው። ኢኮኖሚክስ ነው የምማረው። ጀርመንና ጎረቤቶቿ ጋዙን ያገኙት ዋጋ ጨምረው መርከቦቹን ወደ ራሳቸው በመሳብ ነው። እስያ ገበያ ላይ አንድ ሚሊዮን ቢቲዩ (ጋዝ የሚሸጥበት የኃይል መለኪያ ነው) በ2020 አጋማሽ ከ3 ዶላር በታች ነበር። በ2022 ከ50 ዶላር በላይ ወጣ። ያኔ የተጎዳው ማን ነው? ፓኪስታን በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ 10 መርከብ እፈልጋለሁ ብላ ጨረታ አወጣች፤ አንድም ተጫራች አልመጣም። ውል የነበራቸው አንዳንድ ሻጮች እንኳ ጭነታቸውን አላደረሱላትም። ባንግላዴሽም ከዕለት ገበያው፣ ማለትም ያለ ረጅም ውል በዕለቱ ዋጋ፣ መግዛት አቁማ ሕዝቧ በጨለማ ተቀመጠ። እነዚህ አገሮች የራሳቸው ወደብ አላቸው። እኛ ወደብም የለን፣ ዶላርም የለን። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲተመን ሲደረግ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ጃፓን የምትከፍለው ከቶዮታ ሽያጭ ነው። እኛ ከቡና?

ባለቦይለሩ፦
ፓኪስታን የተጎዳችው ከዕለት ገበያ ስለገዛች ነው። እኛ የረጅም ጊዜ ውል እንፈርም። ከኳታር ጋር 10 ዓመት፣ 15 ዓመት። ዋጋው የታወቀ ይሆናል።

ተማሪዋ፦
እሱም አላዳናቸውም። የረጅም ጊዜ ውል ማለት ብትወስድም ባትወስድም ትከፍላለህ ማለት ነው። ፓኪስታኖች መብራት ሲወደድባቸው ጣሪያቸው ላይ ሶላር መትከል ጀመሩ። በ2024 ብቻ 17 ጊጋዋት ገደማ የሚሆን ፓነል አስገቡ። በ2025 ጋዙ ተርፎ መንግሥታቸው ኳታርን «መርከቦቹን ለሚቀጥለው ዓመት አቆዩልን» ብሎ ለመነ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከእጦት ወደ ትርፍ! ከዕለት ገበያ ስትገዛ በዋጋው ትቃጠላለህ፣ በውል ስትገዛ በማትፈልገው ጋዝ ትታነቃለህ።

አስተባባሪ፦
(እዚህ ላይ ዝም ማለት አቃተኝ። በጣም ጥሩ ነው ያስቀመጠችው። ይቅርታ፣ ቀጥሉ።)

ከጅጅጋ፦
እስካሁን ሁላችሁም ስለ ኳታርና ፓኪስታን ነው የምታወሩት። እኔ የተወለድኩት ሶማሌ ክልል ነው፤ አሁን ገላን እኖራለሁ። ካሉብን ረሳችሁት እንዴ? ጋዙ የተገኘው በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። አያቶቻችን ሰሙ፣ አባቶቻችን ሰሙ፣ እኛም ስንሰማ አደግን። በ2019 እ.ኤ.አ. በቧንቧ በጅቡቲ ይወጣል ተብሎ ስምምነት ተፈረመ፤ ያም ቀረ። በመጨረሻ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. የካሉብ ፋብሪካ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ። እዚያው ጉድጓዱ አጠገብ ጋዙን አቀዝቅዞ ፈሳሽ ያደርጋል። የራሳችን እያለን የሌላ ሰው ደጅ መጥናት ምን የሚሉት ነው?

ባለቦይለሩ፦
ጥሩ ነው ወንድሜ፤ ቁጥሩን ግን ንገራቸው። በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ነው የተባለው። ሹፌሩ መርከቡ 170 ሺህ ሜትር ኩብ ይጭናል አለን አይደል? ያ 170 ሚሊዮን ሊትር ነው። የዓመት ምርታችን በሙሉ አንድ መርከብ አይሞላም! እሱን ለማን ታካፍለዋለህ?

ጋሽ መምህር፦
ስሌቱ ልክ ነው። አንድ ልጨምር። አንድ ሊትር ናፍጣ የሚሰጠውን ኃይል ለማግኘት ከዚህ ፈሳሽ አንድ ሊትር ተኩል በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ 111 ሚሊዮኑ ወደ 70 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ናፍጣ ነው የሚተካው። ሁለተኛው ምዕራፍ ሲጠናቀቅ 1.33 ቢሊዮን ሊትር ይደርሳል ተብሏል። እሱ ከደረሰ ሌላ ወሬ ነው። ነገር ግን ባለቦይለሩ ቁጥሩን ለራሱ ክርክር ሲጠቀምበት አንድ ነገር አልፎታል። አንድ መርከብ ከዓመት ምርታችን የሚበልጥ ከሆነ፣ እኛ ለዓለም ገበያ ምን ያህል ትንሽ ገዢ ነን? እጥረት ሲመጣ መጀመሪያ የሚረሳው ትንሹ ገዢ ነው።

የጅቡቲ መስመር፦
ይሄ ካሉብ የሚባለው ለእኛ ለከባድ መኪና ቢሆን ያዋጣል። ቻይና ውስጥ በዚህ ጋዝ የሚሄድ ከባድ መኪና እንደ ጉድ ነው። ናፍጣ ለመቅዳት ማደያ ደጅ ላይ ማደር ሰልችቶናል። ግን ማደያው የታለ? ሞተር ቀይሬ ሚኤሶ ላይ ጋዝ ቢያልቅብኝ ማን ይጎትተኛል?

ከጅጅጋ፦
መጀመሪያ ሺላቦ ይብራ! ጋዙ የሚወጣበት ወረዳ ሴቶች እንጨት እየለቀሙ ጋዙ ዱከም ቦይለር ቢገባ ፍትሕ ነው? ሁለተኛ፣ ማዳበሪያ። ዩሪያ የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ጎዴ ላይ ከዳንጎቴ ጋር በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን የሚያመርት ፋብሪካ ለመሥራት ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ተፈርሟል። ማዳበሪያ ሁሉ ከውጭ ነው የምናስገባው። ገበሬው የሚጠብቀውን ትቶ ለጨርቅ ማቅለሚያ?

ባለቦይለሩ፦
ጨርቁን የሚያቀልመው ሰው ደሞዝ አይበላም? ገላንና ዱከም ስንት ሺህ ልጅ በፈረቃ እንደሚገባ ሄዳችሁ ጠዋት ታክሲ ተራ ላይ እዩ። ደግሞ «የራሳችን» የምትሉት ነገር ዋስትና አይደለም። ግብፅ ዞህር የሚባል ትልቅ የጋዝ ክምችት እ.ኤ.አ. በ2015 አገኘች፣ በ2018 ራሴን ቻልኩ አለች። በ2023 እና በ2024 የሙቀት ወራት ካይሮ ውስጥ መብራት በፈረቃ ነበር። የራሳቸው ጋዝ አልነበረም?

ተማሪዋ፦
ግብፅ እኮ የእኔ ምስክር ናት! ጋዙ ሲገኝ ሁሉን ነገር ጋዝ ላይ አንጠለጠሉት። መብራቱም ጋዝ፣ ፋብሪካውም ጋዝ፣ ማብሰያውም ጋዝ። ጉድጓዱ ምርቱ ሲቀንስ መሸሻ አጡ፤ ተመልሰው መርከብ ጠባቂ ሆኑ። እኛ ቢያንስ መብራታችን ከውሃ ነው። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት። ምን ጎሎን ነው መብራት ለማመንጨት ጋዝ የምንገዛው?

የኮዬ እንጀራ፦
ሊጡ ተቦካ፤ ተመለስኩ። ልጄ፣ ለግድቡ እኔም ቦንድ ገዝቻለሁ። 5,150 የምትዪው ግን እኔ ብሎክ ሲደርስ ምን ይሆናል? ኃይሉ አለ ይሉናል፤ ሽቦው ቀጭን ነው፣ ትራንስፎርመሩ ለስንት ቤት ታስቦ ለስንት ቤት እንደሚሠራ እግዜር ይወቅ። ተርሚናል ለመሥራት የምታወሩትን ብር ትራንስፎርመር ላይ ብታውሉት እኔም እጋግራለሁ፣ ያ ወንድማችንም ቦይለሩን በመብራት ያፈላል።

አረንጓዴ፦
አንድ የተረሳ ነገር። ሜቴን ሲነድ ከከሰል የተሻለ ነው፤ ሳይነድ ሲያመልጥ ግን በ20 ዓመት ውስጥ አየርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ይብሳል። ሹፌሩ በቫልቭ ይለቀቃል ያለው ቀልድ አይደለም።

ባለቦይለሩ፦
አንተ ደግሞ። የዱከም ልጅ ሥራ ካጣ በኋላ ስለ አየሩ እናወራለን።

አስተባባሪ፦
ተው፤ ሰውዬው ልክ ነው፣ አጭርም ነው የጻፈው። እሺ፣ አሁን ሊያስወጡኝ የሚፈልጉ ያስወጡኝ እንጂ የማስበውን ልናገር። የውጭውን ጋዝ የምቃወመው ጋዝ ስለምጠላ አይደለም። ቦይለሩ አንዴ በጋዝ ከተቀየረ፣ ተርሚናሉ አንዴ በብድር ከተሠራ፣ ዋጋው 3 ዶላርም ይሁን 50 መግዛት ግዴታ ይሆናል። ካሉብ ትንሽ ነው፤ ትንሽ ስለሆነ ነው መብራት ሊተካው ለማይችል ነገር ብቻ መዋል ያለበት። ማዳበሪያ አንዱ ነው፤ ዩሪያን ከሽቦ አታወጣውም። ረጅም መንገድ የሚሄድ መኪና ሁለተኛው ሊሆን ይችላል። እንፋሎት ግን በመብራት ይፈላል። የእትዬ የኮዬ ሐሳብ ከሁላችን የተሻለ ነው፤ የዱከምና የገላን ፋብሪካዎች ተባብረው የራሳቸው መስመር ይዘርጋልን ብለው ቢጠይቁ ከተርሚናል ይቀላል።

ባለቦይለሩ፦
ጠይቀናል እኮ። ወረፋ ላይ ነን። ለዚህ እኮ ነው ጋዝ ያልኩት! ሽቦው እስኪመጣ ቦይለሩን በምን ላንድደው?

ከጅጅጋ፦
እስከዚያ ከካሉብ ትንሽ ይድረስህ፣ አልከለከልኩም። ሺላቦ ከበራ በኋላ ግን።

ባለቦይለሩ፦
ይድረሰኝ እንበል። ዋጋውን በዓለም ገበያ በዶላር አስልተው በብር ቢያስከፍሉኝስ? ያኔ «የራሳችን» የምትሉት ከኳታሩ በምን ይለያል?

ተማሪዋ፦
ይሄን ጥያቄ መጀመሪያ ላይ ብትጠይቅ ኖሮ ግማሹን ክርክር እናተርፍ ነበር። እሱ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ፤ የዋጋው ቀመር ምን እንደሆነ ውሉ ሳይፈረም በይፋ ይነገረን።

የኮዬ እንጀራ፦
እኔም ፈርሜያለሁ በሉ። አሁን አንድ ፌዝ መጣ፤ ልጋግር።