በ2.8 ውጤት የሕክምናና የምርምር ዶክትሬትን አጣምሮ ለመማር ማመልከት ይቻላል?

ጠያቂ (አዘዞ፣ ጎንደር)፦ በባዮሎጂ የተመረቅሁት በ2.8 ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ አባቴ ታመው ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ወድቄ ደገምሁ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት የካላአዛር (ጣፊያን የሚያሳብጥ በሽታ) ናሙና በማይክሮስኮፕ እመረምራለሁ። ከመተማ የሰሊጥ አጨዳ ጣፊያቸው አብጦ የሚመለሱት ልጆች እንቅልፍ ይነሱኛል። አሜሪካ ላመልክት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከውጤትህ በፊት ገንዘቡን አጣራ። እ.ኤ.አ. በ1964 ለዚህ ጥምር ትምህርት የተጀመረው የአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ ለአሜሪካ ዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው። የውጭ ዜጋን በራሳቸው ገንዘብ የሚያስተምሩትን ዩኒቨርሲቲዎች ለይ።

ሌላ መልስ፦ ኬሚስትሪውን ስትደግመው ስንት አመጣህ? የኤምካት (የአሜሪካ ሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ) ፈተና ከፍተኛው ነጥብ 528 ነው፤ በርትተህ ተዘጋጅ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልህ ሥራህን አጠገብህ ሆኖ ያየ ተመራማሪ ይሁን። በማመልከቻ ጽሑፍህ የአባትህን ሕመም በሁለት ዓረፍተ ነገር ግለጸው፤ የቀረውን ገጽ ለምርምርህ ስጠው።

ጠያቂ፦ ቢ ፕላስ ነበር። ዛሬ ማታ መጻፍ እጀምራለሁ።