የእንግሊዝኛ መከራከሪያ አንቀጽ እንዴት ይዋቀራል?

ጠያቂ (የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ቱሉ ዲምቱ)
ሰላም ለሁላችሁ። ቲቸር አርጊውመንታቲቭ ፓራግራፍ ጻፉ ብሎን ነበር። ርዕሱ "ትምህርት ጠዋት 2 ሰዓት መጀመሩ ቀርቶ 3 ሰዓት ይጀምር?" የሚል ነው። እኔ ይጀምር ብዬ ጻፍኩ። ታክሲ አይገኝም፣ እንቅልፍ አይበቃንም፣ ጠዋት ይበርዳል፣ ቁርስ ሳንበላ እንወጣለን... ከ10 4 ሰጠኝና "ምክንያት ደረደርሽ እንጂ አልተከራከርሽም" ብሎ ጻፈበት። ልዩነቱ ምንድን ነው? ሰኞ አስተካክዬ አስገባለሁ።

የእንግሊዝኛ መምህር፣ ሰበታ
መምህርሽ ልክ ነው። አራት ምክንያት አንድ አንቀጽ ውስጥ ሲታጨቅ አንዱም አይብራራም። አንዱን ምረጪ። እኔ ብሆን ታክሲውን እይዛለሁ። ብርዱን ተይው፣ ጃኬት ልበሺ ትባያለሽ።

ቶፒክ ሴንተንሱ፣ ማለትም የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር፣ ሌላ ሰው "አልስማማም" ሊልሽ የሚችልበት ይሁን። "ትራንስፖርት ችግር ነው" ብትዪ ማን ይከራከርሻል? "ከከተማ ዳር የሚመጡ ተማሪዎች የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እንዳያመልጣቸው ትምህርት 3 ሰዓት ይጀምር" ካልሽ ግን አቋምሽ ከነምክንያቱ ታወቀ። ቀጥሎ ማስረጃ ነው። "በጣም እንቸገራለን" ማስረጃ አይደለም። የክፍል ኃላፊሽን አስፈቅደሽ በሳምንት ስንት ልጅ እንዳረፈደ ቁጠሪ።

ከዚያ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚዘሉት ነገር አለ፤ ማስረጃው አቋምሽን እንዴት እንደሚደግፍ ማስረዳት። 20 ልጅ አረፈደ እንበል። እና ምን ይሁን? ተኝተው ነው ወይስ ሰልፍ ላይ ቆመው? አንድ ሰዓት ቢገፋ ሰልፉ ይቀላል? ክርክሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ቢያንስ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ስጪው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አያት
የተቃራኒውን ሐሳብም አትርሺ። "ሰም ፒፕል አርጊው ዛት" ብለሽ ታነሺውና በ"ሀውኤቨር" ትመልሺለታለሽ። ደካማ ተቃውሞ ግን አትምረጪ፣ ያስታውቃል። ለምሳሌ በፈረቃ የሚማሩ ትምህርት ቤቶች አሉ። የጠዋቱ ከተገፋ የከሰዓቱም ይገፋል፤ ልጆቹ ቤት የሚገቡት መሽቶ ነው። እሱን ከመለስሽ ጎበዝ ነሽ። ደግሞ በ"ኦልዞው" (although) ከጀመርሽ መሃል ላይ "በት" (but) አትጨምሪ።

ወላጅ፣ ለገጣፎ
ለአንድ አንቀጽ ይህ ሁሉ? ማትሪክ ላይ እንደሆነ የሚመጣው ምርጫ ነው። ተቃራኒ ሐሳብ ደግሞ ለረጅም ድርሰት ነው ሲባል ነው የሰማሁት።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አያት
ግቢ ስትገባ አሳይመንቱ ምርጫ አይደለማ 😄

የእንግሊዝኛ መምህር፣ ሰበታ
እንደ ርዝመቱ ነው። 5 ዓረፍተ ነገር ብቻ ከተባለች ተቃውሞው ይቅር። ከዚያ ከበለጠ ባንዱ አንስታ ባንዱ ትመልስ።

ጠያቂ
10 ነው የተባልነው። የኛ ትምህርት ቤት ሙሉ ቀን ስለሆነ ፈረቃውን አላሰብኩትም። የኔ ክርክር ሙሉ ቀን ለሚማሩ ብቻ ነው ብል ይቻላል?

የእንግሊዝኛ መምህር፣ ሰበታ
ይቻላል፣ እንዲያውም ይጠነክራል። ግን ከመጀመሪያው ቶፒክ ሴንተንሱ ላይ አስገቢው። መጨረሻ ላይ ካመጣሽው ማምለጫ ይመስላል።