ለሊኑክስ ከርነል የተላከ ፓች የመመረቂያ ሥራ ሆኖ ይቆጠር? ክርክር ከድሬዳዋ

ጥያቄው፦ ድሬዳዋ ያሉ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂዎች በተለመደው የመመረቂያ ፕሮጀክት ፈንታ ሊኑክስ ከርነል ውስጥ የገባ ፓች ቢያቀርቡ ይቆጠርላቸው? (ሊኑክስ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና ነው፤ ከርነል ዕቃውን የሚያዘው እምብርቱ፣ ፓች ደግሞ ኮዱ ላይ የሚደረግ ማስተካከያ ነው።) ሐሳቡን ከሰሞኑ ያነሱት ተማሪዎች ናቸው። ግዴታ ይሁን የሚሉም አሉ። ተከራካሪዎቹ በአብዛኛው የተጠሩት በሰፈራቸው ስም ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የከዚራ ልጅ፦ እኔ ግዴታ ይሁን ባይ ነኝ። በየዓመቱ የምናየው ያው ነው፤ የሆቴል ክፍል መያዣ፣ የቤተ መጻሕፍት መመዝገቢያ፣ የተማሪ ውጤት ማሳያ። ምረቃው ካለፈ ፍላሽ ላይ ይቀራል፣ ማንም አይከፍተውም። ከርነል ውስጥ የገባች አንዲት መስመር ግን በሰው እጅ ትሠራለች። አንድሮይድ የቆመው በሊኑክስ ከርነል ላይ ነው። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ የዓለም ፈጣን 500 ሱፐርኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ሊኑክስን የፈጠረው ቶርቫልድስ ራሱ በ1991 ሲጀምረው ሄልሲንኪ የሚማር ተማሪ ነበር። እኛ ምን ያንሰናል?

ለገሀሬ፦ አቦ፣ ቀስ በሉ። ዛሬ አብዛኛውን የከርነል ሥራ የሚሠሩት ደመወዝ የሚከፈላቸው የኩባንያ ሰዎች ናቸው፤ የኢንቴል፣ የጉግል፣ የሬድ ሃት። የእኛ ልጅ ዳታ ከኪሱ ገዝቶ በነጻ ያግዛቸው? ቀፊራ ገበያ ሂዱ፤ ዱቤውን በደብተር የሚይዝ ነጋዴ ሞልቷል። የሚሠራለት የለም። በጥቅምት 2024 የሆነውንም አስታውሱ፤ በርካታ ሩሲያውያን በማዕቀብ ምክንያት ከሜይንቴነሮች (የየክፍሉን ኮድ ገምግመው የሚቀበሉ ኃላፊዎች) ዝርዝር ወጡ። የሁሉም ነው የምትሉት ነገር የሚገዛው የሌላ አገር ሕግ ነው።

ሳቢያን፦ ጋሼ፣ ስለ ማዕቀቡ ያነሱት እውነት ነው። የወጣው ግን ስማቸው እንጂ የጻፉት ኮድ አይደለም። ከርነሉ የሚሰራጭበት ጂፒኤል የተባለው ፈቃድ ኮዱን ለሁሉም ክፍት ያደርገዋል፤ ለቀፊራው ነጋዴም ጭምር።

እኔ አንድ ድራይቨር (ዕቃን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባ ኮድ) ላይ ፓች ገብቶልኛል። ኮዱ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ፓች የሚላከው በኢሜይል ነው፤ በአባሪ ሳይሆን እዚያው መልእክቱ ውስጥ፣ በጥሬ ጽሑፍ። በጂሜይል ድረ ገጽ ከላካችሁት ታቡን ወደ ባዶ ቦታ ቀይሮ ያበላሸዋል፤ ስለዚህ ጊት ሴንድ-ኢሜይል የሚባለውን ፓች መላኪያ ትእዛዝ መልመድ ግድ ነው። ቼክፓች የሚባል ስክሪፕት አጻጻፉን ይፈትሻል፣ ጌት ሜይንቴነር ደግሞ ለማን እንደምትልኩት ያሳያችኋል። መጨረሻ ላይ ሳይንድ-ኦፍ-ባይ ብላችሁ ትፈርማላችሁ፤ ይህን ኮድ የመስጠት መብት አለኝ ማለት ነው። ሥርዓቱ የመጣው በ2004፣ ኤስሲኦ የተባለው ኩባንያ በሊኑክስ ላይ የባለቤትነት ክርክር ካስነሳ በኋላ ነው።

ለእኔ የመጣው መልስ ኮዱን አልነካውም። ይህ ለውጥ ለምን አስፈለገ፣ ካልተስተካከለ ተጠቃሚው ላይ ምን ይደርሳል የሚል ነበር። ይህን ለመመለስ የደከምኩትን ያህል ለኮዱ አልደከምኩም። ክፍል ውስጥ እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም፤ ተማሪዎቻችን ይህን ሳያገኙ መመረቃቸው ያንገበግበኛል።

ግዴታ የሚለውን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የከርነሉን ግምገማ ለመፈተን ሆን ብለው ስህተት ያለበት ፓች ልከው ነበር። በሚያዝያ 2021 ከከርነሉ ዋና ሜይንቴነሮች አንዱ የሆነው ግሬግ ክሮ-ሃርትማን ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣውን በሙሉ አገደ፤ ቀድሞ የገባውም እንደ አዲስ ተመረመረ። የጥቂቶቹ ጥፋት ምንም ላላደረጉት ተረፈ። ሁሉም ለውጤት ብሎ ነጠላ ሰረዝ እያስተካከለ ቢልክ የሚጠፋው የከተማችን ልጆች ስም ነው። ያንን የሚያነበው ሜይንቴነርም ጊዜው የተጣበበ ሰው ነው።

መጋላ፦ ራሙ 4 ጊጋ የሆነ ላፕቶፕ ያለው ልጅስ? የከርነሉን ኮድ ከሙሉ የለውጥ ታሪኩ ጋር ማውረድ ብቻ ስንት ጊጋባይት ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከዜሮ ነው የሚጀመረው።

ሳቢያን፦ ሙሉ ታሪኩ አያስፈልግም። ኮዱን በጊት ክሎን ትእዛዝ ስታወርዱ ዴፕዝ 1 የሚለውን ብትጨምሩ የመጨረሻው ቅጂ ብቻ ይወርዳል። ሎካልሞድኮንፊግ የሚባለው ትእዛዝ ደግሞ ማሽናችሁ አሁን የሚጠቀምባቸውን ሞጁሎች (የከርነሉን ተነጣይ ክፍሎች) ብቻ ይመርጣል፤ ግንባታው፣ ማለትም ኮዱን ወደሚሠራ ከርነል መለወጡ፣ በጣም ያጥራል። ለኔትወርኩና ለመብራቱ ግን መልስ የለኝም። ለዚህም ነው ግዴታ መሆኑ ድሃውን ልጅ የሚጎዳው።

ከሐረር፦ እኛ ጀጎል ያለነውም እንግባበት። ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት ጥቁሩ ኮንሶል ላይ የአማርኛ ፋይል ስም አራት ማዕዘን ሆኖ ነው የሚታየው። ከርነል ከነካን አይቀር ለምን ይህን አንሠራም?

ሳቢያን፦ የጽሑፍ ኮንሶሉ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 512 የፊደል ቅርጽ ብቻ ነው፤ ፎንቱም የሚጫነው ከከርነሉ ውጪ ነው። የኪቦርድ አቀማመጡ ያለውም ሌላ ፕሮጀክት ውስጥ ነው። ጥያቄህ ግን አንድ ነገር ያሳያል፤ ለእኛ በጣም የሚጠቅመው ፓች ከርነል ውስጥ ላይሆን ይችላል። ደንቡ ከርነል ብቻ ካለ ይህ ሁሉ ይቀራል።

መምህሩ፦ የማስተምር ሰው ነኝ። ችግሬ የቀን መቁጠሪያው ነው። አዲስ የከርነል እትም የሚወጣው በየ9 ወይም 10 ሳምንቱ ነው፤ አዲስ ሥራ የሚገባው በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ነው። ያ ካለፈ እስከሚቀጥለው ይጠበቃል። ጭራሽ መልስ የማያገኝ ፓችም አለ። የእኛ ምረቃ ይህን አይጠብቅም። ስለዚህ ገባ ወይስ አልገባም ብዬ ውጤት አልሰጥም። ችግሩን እንዴት እንዳገኘው፣ እንዴት እንደፈተሸው፣ ለተጠየቀው ምን እንደመለሰ አይቼ ግን እሰጣለሁ።

የከዚራ ልጅ፦ መምህር፣ ያልገባ ነገር ከተቆጠረማ ወደ ፍላሹ ተመለስን።

ለገሀሬ፦ አንድ ነገር ልጨምር። የምድር ባቡር ጋራዥ ሰዎች የሚጠግኑት ፊታቸው የቆመውን ሎኮሞቲቭ ነበር እንጂ ለመጠገን ብለው ብልሽት አይፈልጉም ነበር። እዚህ ከተማ በተጨባጭ ያስቸገረ ዕቃ ካለ፣ የሱቅ ፕሪንተርም ሆነ የዋይፋይ ዶንግል፣ ለዚያ የተሠራ ፓች ይቆጠር። ከዚያ ውጭ ያለውን አልቀበልም። ግዴታ የሚለውንማ አታንሱብኝ።

የከዚራ ልጅ፦ ጋሼ፣ ዕቃው ላይ ብልሽት አግኝቶ ኮዱን ማስተካከል ያቃተውስ?

ሳቢያን፦ እሱም ይጻፋል። ብልሽቱን በትክክል ያሳወቀ ሰው ስም ሪፖርትድ-ባይ፣ ማስተካከያውን የሞከረው ደግሞ ቴስትድ-ባይ ተብሎ እዚያው ፓቹ ላይ ይሰፍራል።

መምህሩ፦ በእነዚህ ውጤት መስጠት እችላለሁ። ብልሽቱ የታየበትን ሎግ (ማሽኑ ራሱ የሚጽፈውን መዝገብ)፣ የከርነሉን እትምና ደጋግሞ ያየበትን መንገድ ጽፎ የሚያመጣ ተማሪ ካለ ይምጣ። ለትምህርት ክፍሉ የማቀርበው ይህንን ነው፤ ግዴታ የሚለው አይኖርበትም።