ቴሌግራም ላይ የሚጻፈው ማትሪክስ ላይ አይደርስም፤ እባካችሁ ድረሱልኝ

የጣና ልጅ፦ እንዴት ዋላችሁ። የክፍት ኪቦርድ ፕሮጀክታችን ሰዎች የሚጻጻፉት በቴሌግራም ግሩፕና በማትሪክስ (ክፍት የመልእክት መረብ) ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ቦት ከማትሪክስ ወደ ቴሌግራም መልእክት ያመጣል፤ ከቴሌግራም ወደ ማትሪክስ ግን አይወስድም። ትናንት አንድ መልእክት ብቻ አለፈ። ሎጉ (የቦቱ ሥራ መዝገብ) ላይ ስህተት የለም። ነገ ጠዋት ፔዳ ግቢ አዲስ ልጆች እንቀበላለን፤ ዛሬ ማታ መሠራት አለበት!

ደንገል፦ በምን ነው ያገናኘኸው?

የጣና ልጅ፦ በማተርብሪጅ፣ ቻቶችን እርስ በርስ በሚያገናኘው ፕሮግራም።

ፖሊ 4ኛ ዓመት፦ ሪስታርት አድርገው።

አባይ ማዶ፦ ወንድሜ፣ ችግሩ ከሥሩ ነው። ክፍት ፕሮጀክት መነጋገር ያለበት በክፍት ፕሮቶኮል ነው። የቴሌግራም አፕ ኮዱ ክፍት ቢሆንም ሰርቨሩ ዝግ ነው። ማትሪክስን ማንም በራሱ ሰርቨር ማስኬድ ይችላል። ድልድይ ከምትሠራ ልጆቹን ማትሪክስ አስተምራቸው።

የጣና ልጅ፦ ሦስቴ ሪስታርት አድርጌዋለሁ። አባይ ማዶ፣ ያልከው ልክ ነው፤ ግን ልጆቹ ያሉት ቴሌግራም ላይ ነው፣ ኮድ የሚያዩት ነባሮቹ ማትሪክስ ላይ። ሐሙስ አንዲት ልጅ «ኪቦርዱ ላይ ‹ቿ› አልወጣልኝም፤ ላስተካክለው ፈልጌ ነበር፣ ከየት ልጀምር?» ብላ ጻፈች። ሁለት ቀን ጠብቃ ወጣች። የናቅናት መስሏታል። ጥያቄዋ እኮ ማንም ጋ አልደረሰም!

ዘጌ ቡና፦ እስኪሠራ በታንኳ እናሻግረው እንጂ! ለማንኛውም ያ ያለፈው አንዱ ለቦቱ ሪፕላይ የተደረገ ነበር?

የጣና ልጅ፦ አዎ! እንዴት አወቅክ?

ዘጌ ቡና፦ ፕራይቬሲ ሞድ ነው። የቴሌግራም ቦት ሲፈጠር ግሩፕ ውስጥ የሚያየው በስላሽ የሚጀምር ትዕዛዝና ለራሱ የተመለሰለትን ነው። ሌላው ጭራሽ ስለማይደርሰው ሎጉም ዝም ይላል። ቦትፋዘር (ቦቶች የሚፈጠሩበት የቴሌግራም ቦት) ጋ ገብተህ በሴትፕራይቬሲ ትዕዛዝ «ዲሴብል» አድርገው።

ፖሊ 4ኛ ዓመት፦ እኔ ጋ በሪስታርት ነው የሠራው።

የጣና ልጅ፦ ዲሴብል አደረግሁት፤ አሁንም ያው ነው!

ጎርጎራ፦ ግሩፑ ሱፐርግሩፕ (ትልቁ የቴሌግራም ግሩፕ ዓይነት) ሆኖ መለያ ቁጥሩ ተቀይሮ ይሆናል። በ-100 የሚጀምረውን አስገባ።

ዘጌ ቡና፦ ቁጥሩን አትንካው፤ ከማትሪክስ የሚመጣው እየደረሰህ ከሆነ ልክ ነው። ቦቱን ከግሩፑ አስወጥተህ መልሰህ አስገባው፤ ለውጡ የሚይዘው ያኔ ነው።

ደንገል፦ ከነገ በፊት የጸሐፊው ስም ከመልእክቱ ፊት እንዲወጣ አድርግ፤ የማተርብሪጅ ማስተካከያ ፋይል (ኮንፊጉ) ላይ ሪሞትኒክፎርማት የሚለው ነው። ስም ከሌለ ሁሉም ከቦቱ የመጣ ስለሚመስል አዲስ ሰው ማሽን ያናገረው ይመስለዋል። አይአርሲም (የቆየው የጽሑፍ ቻት) ካገናኛችሁ፣ እዚያ አንድ መልእክት ከ512 ባይት አያልፍም። የኛ አንዱ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ኮድ 3 ባይት ስለሚይዝ 170 ፊደል ሳይሞላ ይቆረጣል። ሜሴጅስፕሊትን ክፈተው፣ ከፋፍሎ ይልከዋል።

አባይ ማዶ፦ ልጅቷን በግል ጻፍላት፣ ጥያቄሽ አልደረሰንም ነበር በላት። የ‹ቿ›ን ነገር እኔ አብሬያት አያለሁ።

ጎርጎራ፦ የጣና ልጅ፣ ተሠራ? እኛም ዛሬ ያው ገጥሞናል።